የካርቦን ማከማቻ ጉድጓድ ሲሚንቶ እንዳያፈስ፦ ከቅመራ እስከ መድፈን

በምዕራብ ቴክሳስ ሳክሮክ የሚባል የነዳጅ መስክ አለ። ከ1972 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ከርሰ ምድሩ ይገፋበታል፤ ዓላማው ነዳጁን አባርሮ ማውጣት ነው። አንድ አሮጌ ጉድጓድ ለ30 ዓመት ያህል ከጋዙ ጋር ከኖረ በኋላ፣ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የብረት ቱቦውን በስተው ከጀርባው፣ በቱቦውና በድንጋዩ መካከል ካለው ሲሚንቶ፣ ናሙና አወጡ። ሲሚንቶው ተራ ፖርትላንድ፣ ማለትም የተለመደው የሲሚንቶ ዓይነት ነበር። ምንም ልዩ ቅመም የለበትም።

በ2007 የወጣው ውጤት ሲሚንቶው በስብሶ ይገኛል ብሎ ለጠበቀ ሰው ያስገርማል። መሃሉ ደህና ነው፤ አሁንም ያሽጋል። የተለወጠው ዳርና ዳሩ ነው፦ አንዱ ሲሚንቶው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት፣ ሌላው ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበት። ጋዙ የሄደው ሲሚንቶውን በልቶ ሳይሆን በጎኑ ሾልኮ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን (ባጭሩ ካርቦን የምለውን) ከመሬት በታች ለማከማቸት ለሚቆፈሩ ጉድጓዶች ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያቺን ናሙና እያሰብኩ ነው። ብዙ ሰው "ካርቦን የሚቋቋም ሲሚንቶ" ሲባል ልዩ ዱቄት ፍለጋ ይሮጣል። ዱቄቱ ይጠቅማል፤ አልክድም። ግን ገንዘብም ጊዜም ውስን ከሆነ፣ በእኔ ሚዛን አቀማመጡ ይቀድማል፤ ቅመሙ ከዚያ በኋላ ነው።

በቅድሚያ፦ ከታች ምን እየሆነ ነው?

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ በዋናነት ሁለት ነገር ይወልዳል። አንዱ ጥንካሬውን የሚሰጠው የካልሲየምና የሲሊካ ሙጫ ነው። ሌላው ኖራ ነው፤ ያው የምናውቀው ኖራ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የአምቦ ውሃ ይሆናል እንበል፤ ግን በጣም በከፍተኛ ግፊት የተሞላ አምቦ ውሃ። ከመሬት በታች 800 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ግፊቱ ከ74 ባር፣ ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጋዙ ራሱ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ነገር ይሆናል። ያን ጊዜ እንደ ፈሳሽ ይከብዳል፣ እንደ ጋዝ በጠባብ ይሾልካል። አጠገቡ ያለው ጨዋማ ውሃ ደግሞ አሲድ ይሆናል፤ ፒኤቹ ወደ 3 ይወርዳል። የሲሚንቶው ውስጥ ፒኤች ከ12 በላይ ነው። እሳትና ጭድ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ጥሩ ዜና ነው። አሲዱ ኖራውን ያገኘዋል፣ ኖራው ወደ ኖራ ድንጋይ ይለወጣል። የጎንደር ግንቦች የተገነቡበት የኖራ ምርጊት ከአየር ካርቦን እየሳበ የጠነከረው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። አዲሱ ድንጋይ ቀዳዳዎቹን ይሞላል፤ ሲሚንቶው ለጊዜው ከበፊቱ ይልቅ ይጠብቃል።

ችግሩ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። አዲስ አሲዳማ ውሃ እየፈሰሰ ከመጣ ያንኑ የኖራ ድንጋይ መልሶ ያሟሟዋል፣ ካልሲየሙንም ይዞት ይሄዳል። ሙጫውም ካልሲየሙን ያጣል። የሚቀረው ስፖንጅ የመሰለ ሲሊካ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ቃል "እየፈሰሰ" የሚለው ነው። ውሃው ከቆመ በካልሲየም ይጠግባል፣ መብላቱንም ያቆማል። ከፈሰሰ አይጠግብም።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ጉድጓድ ቁጥር ሰብስቡ

ቅመራ ከመጀመሩ በፊት ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የጨዋማውን ውሃ ይዘትና ጋዙን ከላይ አግዶ የሚይዘውን የክዳን ድንጋይ ዓይነት በወረቀት ላይ አስፍሩ። ይህ የወረቀት ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ምክንያቱን በሁለት የታወቁ ሙከራዎች ላሳያችሁ።

በአሜሪካ ብሔራዊ የኢነርጂ ቴክኖሎጂ ላቦራቶሪ ሲሚንቶን በ50 ዲግሪና በ303 ባር ካርቦን ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ተነስተው በ30 ዓመት ውስጥ ጉዳቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ እንደሚገባ ገመቱ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ90 ዲግሪና በ280 ባር ሞከሩ። በሦስት ሳምንት 6 ሚሊሜትር ገደማ ገባ።

አሁን ቀላል ሂሳብ። 7 ኢንች ቱቦ በ8 ተኩል ኢንች ጉድጓድ ውስጥ መሃል ላይ ቢቆም፣ ዙሪያውን ያለው የሲሚንቶ ቀለበት ውፍረት 19 ሚሊሜትር ነው። ጉዳቱ በስርገት ብቻ፣ ማለትም ያለ ፍሰት ቀስ ብሎ በመስረግ፣ ከሄደ ጥልቀቱ የጊዜውን ካሬ ሥር ይከተላል፤ ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን ጥልቀቱ እጥፍ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ሙከራ ቁጥር 19 ሚሊሜትሩ ለማለቅ ከ2,700 ዓመት በላይ ይፈጃል። በሁለተኛው ቁጥር 30 ሳምንት! እውነተኛው ጉድጓድ ከላቦራቶሪ ገንዳ የሚለይበት ብዙ ነገር አለ፤ እዚያ ናሙናው በየአቅጣጫው በአሲድ ተከቧል። ቢሆንም የሌላ ሰው ቁጥር ለእናንተ ጉድጓድ አይሠራም። የራሳችሁን ሙቀት ይዛችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 2፦ ቅመራ

አዲስ አበባ ቤት የሠራ ሰው ኦፒሲና ፒፒሲ የሚለውን ክርክር ያውቀዋል። ጉድጓድ ውስጥ ሁለቱም አይገቡም። እዚያ የሚሠራበት በአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ደረጃ የወጣለት የጉድጓድ ሲሚንቶ ነው፤ በብዛት ክላስ ጂ ወይም ክላስ ኤች። የክላስ ጂ መደበኛ ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት 44 በመቶ ነው። ለ100 ኪሎ ሲሚንቶ 44 ሊትር ማለት ነው። ክላስ ኤች 38 በመቶ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ማሻሻያ ርካሹ ነው፦ ውሃውን ቀንሱ። ትርፍ ውሃ ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳ ደግሞ ለአሲድ መንገድ ነው። ውሃ ቀንሶ እንዲፈስ ለማድረግ ማቅጠኛ ኬሚካል ይጨመራል። ከዚያም በተለያየ መጠን የተፈጩ ዱቄቶችን ማደባለቅ ይቻላል፤ ትልልቁ ፍሬ መካከል ትንንሹ፣ በትንንሹ መካከል ደቃቁ እየገባ ክፍተቱን ይሞላል። ኮንክሪት ላይ ጠጠርና አሸዋ የምናመጣጥነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ማሻሻያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። "አሲድ የሚበላው ኖራን ከሆነ ኖራውን እናጥፋው" ይባላል። የከሰል አመድ ወይም ሌላ ፖዞላን ቢጨመር ኖራውን ይበላዋል፣ ወደ ሙጫ ይለውጠዋል። ሲሰሙት ትክክል ነው። ያው የአሜሪካ ላቦራቶሪ ግን ፖዞላን የበዛበትን ቅልቅል ሲሞክር ካርቦኑ ከንጹህ ፖርትላንድ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ገባ። ለምን? ኖራው የሚበላ ብቻ ሳይሆን አሲዱን የሚያስቆም ዘበኛ ነው። ዘበኛውን ስታባርሩት ሌባው ወደ ውስጥ ይሮጣል። በሌላ በኩል፣ በፍጥነት የገባው ካርቦን የሲሚንቶውን ጥብቀት ያን ያህል አላበላሸውም። ስለዚህ ፖዞላን ክፉ ነው አልልም። በልኩ ይሁን፣ ከመጠቀማችሁም በፊት ፈትሹት ነው የምለው።

ሙቀት ከ110 ዲግሪ ሲያልፍ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ተራ ሲሚንቶ እዚያ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከሲሚንቶው ክብደት ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆን የሲሊካ ዱቄት ነው። ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ፣ ካርቦን ያለበት ፈሳሽ የሚያገኙ ናቸው። በኒውዚላንድ የእንፋሎት መስኮች የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሲሊካው ሲበዛ ካርቦን ቶሎ እንደሚገባ አሳይተዋል። እንደገና ያው የዘበኛው ታሪክ ነው። ሙቀቱ እየጠየቀ ካርቦኑ እየከለከለ ከሆነ፣ የሲሊካውን መጠን በልማድ ሳይሆን በሙከራ ወስኑ።

ከፖርትላንድ ወጥቶ መሄድም ይቻላል። ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከኢንዱስትሪ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የካልሲየም አሉሚኔት ፎስፌት ሲሚንቶ አለ፤ አሲድን በእጅጉ ይቋቋማል። ዋጋው ውድ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከፖርትላንድ ጋር ከተቀላቀለ ሳይታሰብ ሊረጋ ይችላል። የተለየ ማጠራቀሚያ ታንክ፣ የታጠበ ቱቦና የታጠበ ፓምፕ ይፈልጋል። ጉድጓዱን በሙሉ በእሱ መሙላት አያስፈልግም። ማከማቻ ድንጋዩና ክዳን ድንጋዩ የሚገናኙበት አካባቢ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ፖርትላንድ ይሙላው።

ሦስተኛው ማሻሻያ ስለ አሲድ አይደለም፣ ስለ መሰንጠቅ ነው። ድርቅ ያለ ሲሚንቶ ቱቦው ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮ አይሄድም። ላቴክስ፣ የጎማ ፍርፋሪ ወይም ቃጫ ሲጨመርበት ይለሰልሳል፣ ይተጣጠፋል። ሲሚንቶ ሲደርቅ በትንሹ ይሸበሸባል፤ ለዚህ ቀስ ብሎ የሚያብጥ የተቃጠለ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ይጨመራል። መጠኑን አታብዙት። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ልል ከሆነ ሲሚንቶው ወደ ውጭ ያብጥና ከብረቱ ይላቀቃል። ለማዳን የገባው ቅመም ራሱ ክፍተት ይፈጥራል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ላቦራቶሪ ውስጥ አታታልሉ

ናሙናውን በክፍል ሙቀት አድርቆ ከዚያ አሲድ ውስጥ መንከር የተለመደ ስህተት ነው። ሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠናው በሙቀትና በግፊት ነው፤ እንደዚያ የጠና ሲሚንቶ ደግሞ ካርቦንን የተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ በእውነተኛው ሙቀትና ግፊት አድርቁት።

ግማሹን ናሙና ካርቦን በጠገበ ጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን እርጥብ ካርቦን ራሱ ውስጥ አቆዩ። ጉዳቱ ይለያያል። በተለያየ ጊዜ እያወጣችሁ ሰንጥቁና ፊኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም ጠቋሚ ኬሚካል ርጩበት። ደህናው ክፍል ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ካርቦን የገባበት ቀለም አይቀይርም። በማስመሪያ ለኩት። ጥልቀቱን ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር በግራፍ አስቀምጡት። ቀጥ ያለ መስመር ከወጣ ስርገት ነው። መስመሩ ወደ ላይ ከታጠፈ ስንጥቅ ወይም መሟሟት አለ ማለት ነው፤ ቅመራውን እንደገና እዩት።

ከምንም በላይ የምመክረው ፈተና ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። መሃሉ ላይ የብረት ዘንግ ያለበት ናሙና ሥሩ። በብረቱና በሲሚንቶው መካከል ካርቦን ያለው ውሃ በቀስታ አሳልፉ። የፍሰቱ መጠን እየቀነሰ ከሄደ የኖራ ድንጋዩ ክፍተቱን እየደፈነው ነው። እየጨመረ ከሄደ እየሰፋ ነው። ጠባብ ክፍተትና ዝግተኛ ፍሰት ራሱን ይደፍናል፤ ሰፊ ክፍተትና ፈጣን ፍሰት ራሱን ያሰፋል። ጉድጓዱ ምን ያህል ክፍተት ይቅር እንደሚል የሚነግራችሁ ይህ ፈተና ነው።

ደረጃ 4፦ አቀማመጥ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሳክሮክ ያስተማረን ይህን ነው።

ቱቦው ጉድጓዱ መሃል ላይ ካልቆመ ሲሚንቶው በሰፊው በኩል ይሮጣል፤ በጠባቡ በኩል የቁፋሮ ጭቃው ባለበት ይቀራል። የቀረው ጭቃ ለጋዝ የተሠራ ጎዳና ነው። ሴንትራላይዘር የሚባሉትን ማቆሚያዎች አትቆጥቡ። በሙያው እንደ ዝቅተኛ መለኪያ የሚያዘው 67 በመቶ ነው፤ ማለትም በጠባቡ በኩል ያለው ክፍተት መሃል ላይ ቢሆን ኖሮ ከሚኖረው 67 በመቶው ይሁን። በእኛው 7 ኢንች ምሳሌ 19 ሚሊሜትሩ ወደ 13 ይወርዳል። በክዳን ድንጋዩ ላይ እኔ ብሆን ከዚህ ከፍ አደርገዋለሁ። ብዙ ማቆሚያ ሲበዛ ቱቦው እንዳይወርድ ያስቸግራል የሚል ቅሬታ ከቁፋሮ ሰዎች ይመጣል፤ እውነት አላቸው። ስለዚህ የላይኛው ክፍል ላይ ቀንሱ፣ ክዳን ድንጋዩ ላይ አብዙ።

ቀጥሎ ጭቃውን ማስወጣት። ቱቦው ታች ከደረሰ በኋላ ጭቃው እስኪቀጥን ድረስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። የቆመ ጭቃ እንደረጋ እርጎ ነው፤ ካልተነቃነቀ አይወጣም። ከተቻለ ቱቦውን እያሽከረከራችሁ ፓምፕ አድርጉ። ከሲሚንቶው በፊት ስፔሰር የሚባለው ማጠቢያ ፈሳሽ ይሂድ። ከጭቃው ከበድ፣ ከሲሚንቶው ቀለል ይበል፤ በክዳን ድንጋዩ ላይም ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ። በዘይት የተሠራ ጭቃ ከነበረ ስፔሰሩ ዘይቱን የሚያጥብ ሳሙና ይኑረው። በዘይት የተቀባ ብረት ላይ ሲሚንቶ አይይዝም፤ ዘይት በነካው ግድግዳ ላይ ቀለም እንደማይይዘው።

የተበጠበጠው ሲሚንቶ፣ ሰዎቹ ስላሪ የሚሉት፣ ክብደቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። ክላስ ጂ በመደበኛው ውሃ በሊትር 1.9 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በመሃል አንዱ ባች ከቀጠነ የሚያርፍበት ቦታ የት እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ክዳን ድንጋዩ ላይ ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2010 ለካርቦን ማከማቻ ጉድጓዶች ያወጣው የክላስ 6 ደንብ እስከ ማከማቻው የሚወርደው ረጅሙ ቱቦ እስከ መሬት ወለል ድረስ በሲሚንቶ እንዲያዝ ይጠይቃል። ሲሚንቶውም ከካርቦኑ ጋር ተስማምቶ የፕሮጀክቱን ዕድሜ መቆየት አለበት። ሌላ አገር የምትሠሩ ከሆነም መጥፎ ልማድ አይደለም።

ደረጃ 5፦ አያያዝ

አንድ ትንሽ ዘዴ ብዙ ያድናል። ቱቦውን በግፊት መፈተን ግዴታ ከሆነ፣ ሲሚንቶው ገና ፈሳሽ እያለ፣ ሲሚንቶውን ከኋላ የሚገፋው የላይኛው መሰኪያ ታች እንደደረሰ ወዲያው ፈትኑት። ሲሚንቶው ከጠና በኋላ ቱቦውን በከፍተኛ ግፊት ብትነፉት ያብጣል። ግፊቱ ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ሲሚንቶው ግን አብሮ አይመለስም። ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። በውስጡ ያለውን ከባድ ፈሳሽ በቀላል መቀየርም ያንኑ ያደርጋል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። በመርከብ ወይም በረጅም ቧንቧ የመጣ ካርቦን ቀዝቃዛ ነው። በሞቃት ጉድጓድ ውስጥ በድንገት ሲወርድ ብረቱ ይኮማተራል። ግፊቱ በድንገት ሲወድቅ ደግሞ ካርቦኑ ራሱ ይቀዘቅዛል። መርፌውን፣ ማለትም ካርቦኑን ወደ ታች መግፋቱን፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ አቁሙ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ጉድጓድ ከማያቋርጠው ይልቅ ቶሎ ያረጃል።

ደረጃ 6፦ ማየትና መጠገን

የድምፅ ሎግ፣ ማለትም ሲሚንቶው ከቱቦው ጋር መያያዙን በድምፅ ሞገድ የሚለካው ምርመራ፣ ብቻውን አይበቃም፤ አማካይ ነው የሚያሳየው። ዙሪያውን የሚስል የአልትራሳውንድ ሎግ ጨምሩበት፤ የቀረ ጭቃ እንደ ሰርጥ ሆኖ ይታያል። ሎጉ "መጥፎ" ካለ ቶሎ አትደንግጡ። ቱቦው ውስጥ ግፊት ጨምራችሁ እንደገና አንሱት። ምስሉ ከተሻሻለ ቀጭን ክፍተት ነው። ካልተሻሻለ ሰርጥ ነው፣ መጠገን አለበት።

ለጥገና ተራ ሲሚንቶ በቀጭን ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፤ ፍሬው ትልቅ ነው፣ አፉ ላይ ተከምሮ ይቀራል። በጣም የደቀቀ ሲሚንቶ ወይም ሬዚን ይፈለጋል። ለጥገና ብላችሁ የምትበሱት ቀዳዳ ሁሉ ግን አዲስ መውጫ መሆኑን አትርሱ።

ደረጃ 7፦ አሮጌ ጉድጓዶች

አልጄሪያ ውስጥ ኢን ሳላህ በሚባለው ፕሮጀክት ከ2004 ጀምሮ ካርቦን ወደ መሬት ይገባ ነበር። በ2007 ጋዙ ኬቢ 5 በተባለ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲወጣ ተገኘ። ኬቢ 5 የመርፌ ጉድጓድ አልነበረም። በ1980 የተቆፈረ የድሮ የፍለጋ ጉድጓድ ነበር፤ ከመርፌው ጉድጓድ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። የወጣው መጠን ትንሽ ነው፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። እንግዲህ የእናንተ ሲሚንቶ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጎረቤት ያለው የድሮ ሲሚንቶም የእናንተው ነው።

ጋዙ ሊደርስበት በሚችል ክልል ያለውን ጉድጓድ ሁሉ መዝገቡን አውጡ። መቼ ተቆፈረ? ሲሚንቶው እስከ የት ወጣ? መሰኪያው የት ነው? መዝገብ የሌለውን ክፉ ነው ብላችሁ ያዙት። ከቱቦው ጀርባ ሲሚንቶ ከሌለ፣ በቱቦው ውስጥ መሰኪያ መጨመር ዋጋ የለውም፤ ጋዙ በጀርባ ይወጣል። በክዳን ድንጋዩ ትይዩ ብረቱን ፈጭታችሁ አውጡ፣ ድንጋዩን አራቁቱ፣ ከዚያ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ የሚደርስ መሰኪያ ሙሉ። ብረቱ ሲወጣ ብረት የሚዝግበትም፣ ከሲሚንቶ የሚላቀቅበትም መስመር አብሮ ይጠፋል።

በክላስ 6 ደንብ መርፌው ካበቃ በኋላ ያለው የክትትል ጊዜ በመደበኛው 50 ዓመት ነው። ሲሚንቶውን የቀመሙት ሰዎች ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። ስለዚህ የቅመራውን ወረቀት፣ የስላሪውን ክብደት መዝገብ፣ የሴንትራላይዘሮቹን ቦታና የመጀመሪያውን ሎግ በአንድ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከተቻለ ከዚያው ባች የተወሰደ የደረቀ ሲሚንቶ ጥቂት ኩብም በካርቶን ይቀመጥ፤ ቀንና የጉድጓድ ስም ተጽፎበት።